ለገሃር ማለት ምን ማለት ነው?

አዲስ አበባ የመጣ ሰው ታክሲ ሲጠብቅ «ለገሃር! ለገሃር!» የሚል ጥሪ ይሰማል። ታድያ ለገሃር ምን ማለት ይሆን? ለገጣፎ፣ ለገዳዲ እንደሚባለው የኦሮምኛ ቃል ይመስላል፤ «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ነውና። ግን አይደለም። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው። «ላ ጋር» ማለት «ባቡር ጣቢያው» ማለት ነው። የአገራችን ሰው በአፉ እንደቀናው ለገሃር አለው፣ በዚያው ቀረ። አንዳንዱ «ለገሐር» ብሎ ይጽፈዋል። ሁለቱም አንድ ቦታ ነው፤ ስታነቡ ተሳሳትን ብላችሁ አትደንግጡ።

ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ተነሥተን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል ቁልቁል በእግራችን ወረድን። ሩቅ አይደለም። ከሰፊው መንገድ መጨረሻ ላይ ጣቢያው ፊት ለፊት ቆሞ ይታያል።

በፊት፣ ባቡር ሳይኖር፣ ሲራራ ነጋዴ ቡናና ቆዳውን በበቅሎና በግመል ጭኖ ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። መንገዱ ሳምንታት ይፈጃል። ከብት በውሃ ጥም ያልቃል፣ ሽፍታም አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ ለሚባል የስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ ሐዲድ የማሠራት ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። የተጀመረው ግን ከአዲስ አበባ አይደለም፤ ከባሕሩ ዳር ከጅቡቲ ነው። ለምን ቢሉ ብረቱ የሚመጣው በመርከብ ነዋ! እያንዳንዱ ሐዲድ ከባሕር ወርዶ፣ በተነጠፈው ሐዲድ ላይ ተጭኖ ወደፊት ይሄዳል።

በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰ። ሐሳቡ ሐረር ለመግባት ነበር፤ ነገር ግን ሐረር ተራራ ላይ ናት፣ ወጪው ከበደ። ስለዚህ ሐዲዱ ከታች በቆላው አለፈ፣ እዚያም አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት ብንል አልዋሸንም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቆመ። ገንዘብ አለቀ፣ መንግሥታቱም «ሐዲዱ የማን ይሁን?» እያሉ ተነታረኩ። ኩባንያው ከሠረ፤ በ1900 ዓ.ም. ሌላ ተቋቋመ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሞቱ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ያሰቡትን ሰው ጠርቶ ሳያሳያቸው ቀረ፤ ይኼ ያሳዝነናል።

መንገዱ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ነው። በሁለቱ ሐዲድ መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ትልቅ ርምጃ ማለት ነው። በዚያች ጠባብ መንገድ ባቡሩ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል።

አሁን የምናየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በኅዳር 1922 ዓ.ም. ነው። በፊቱ የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ንግሥ ጊዜ ተተከለ። ስድስት ዓመት እንኳ አልቆየም፣ ጣሊያን መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በዚሁ ሐዲድ ወደ ጅቡቲ ወርደው ተሰደዱ። አንበሳውንም ጣሊያኖች ነቅለው ሮም ወሰዱት። የት ቢያቆሙት ጥሩ ነው? እዚያም በባቡር ጣቢያ አጠገብ! ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ዘመን ቆይቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሐዲዱ ሌላም ችግር አይቷል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲወርር ድልድዮች ፈረሱ፣ ጉዞ ተቋረጠ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ጠመዝማዛ ላይ በፍጥነት ሲሄድ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ነገር ግን ባቡር ሲባል ሰው የሚያስታውሰው አደጋውን ብቻ አይደለም። ሞጆ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፤ በየጣቢያው ሴቶች ውሃና ምግብ ይዘው ይጠብቃሉ። ፊሽካው ሲሰማ ገበያ ይቆማል፤ ባቡሩ ሲሄድ ገበያው ይበተናል። ልጅ ያስተማሩ፣ ቤት የሠሩ በዚያች በጥቂት ደቂቃ ሽያጭ ነው። ብረቱ አርጅቶ፣ መለዋወጫ ጠፍቶ፣ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ሲቆም የእነሱም እንጀራ አብሮ ቆመ። ስለ ሕንፃው ብዙ ይወራል፣ ስለ እነሱ ግን የሚያወራ ጥቂት ነው።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄድ አዲስ ባቡር ተመረቀ። ፈጣንና ሰፊ ነው፤ በሐዲዶቹ መካከል 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል አለው። ግን ለገሃር አይደርስም። መነሻው ከከተማው ዳር፣ ለቡ በኩል ነው። በድሮዎቹ ትንንሽ ጣቢያዎችም ሁሉ አያልፍም።

ስሙ ግን አልሄደም። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የከተማው ቀላል ባቡር በአቅራቢያው ማቆሚያ አለው። ስሙም ለገሃር ነው።