መጠባበቂያ ቅጂያችሁን ከፍታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምትጠይቁን ስለ ግዢ ነው፤ የትኛው ኮምፒዩተር ይሻላል፣ ስንት ያወጣል የሚል። ዛሬ ግን የተገዛው ሲበላሽ ስለሚመጣው ጣጣ እናወራለን። ምክንያቱም በመረዳጃ ማኅበራችን የደረሰው ነገር ከእናንተም ቤት እንዳይደርስ ስለምንፈራ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ አባላችን በድንገት አረፉ። ቤተሰባቸው አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለመላክ ማኅበሩ የሚሰጠውን ገንዘብ ጠየቀ። በደንቡ መሠረት ሟች መዋጮአቸውን ያላቋረጡ መሆኑ መረጋገጥ አለበትና ጸሐፊያችን መዝገቡን ለማየት ኮምፒዩተራቸውን ከፈቱ። ማሽኑ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አሰማ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ከተንገታገተ በኋላ ተነሣ፤ መዝገቡ ግን አልከፈት አለ። የ14 ዓመት መዋጮ እዚያ ፋይል ውስጥ ነው። «አይዞአችሁ፣ ቅጂ አለን» አሉ እኅታችን። እውነታቸውን ነው፤ በየሳምንቱ እሑድ ሌሊት ቅጂ እንዲወስድ የታዘዘ ኤክስተርናል ዲስክ ከጠረጴዛው ሥር ተሰክቶ ነበር። ሲታይ ግን የመጨረሻው የተሳካ ቅጂ የሰባት ወር ዕድሜ ነበረው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ሞክሮ በየሳምንቱ ከሽፏል። በስክሪኑ ጥግ ትንሽ ማስጠንቀቂያ ብቅ ትል ነበር፤ እሳቸውም እንደ ማናችንም የኤክስ ምልክቷን እየተጫኑ ዘግተዋታል።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ስሕተት ደግሞ የሁላችንም ነው። ኮምፒዩተር ያውቃል የተባለ ወጣት ተጠርቶ ዲስኩን «ፈትሽና ጠግን» ብሎ አዝዞት ሄደ። (ይህ ጸሐፊም በቦታው ነበር፤ አላስቆመም።) ሌሊቱን ሙሉ ሲፈጭ አደረ። ጠዋት ዲስኩ ጨርሶ ጠፋ፤ ማሽኑም «ዲስክ የለም» አለ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘህ የምትሄድ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ያዝ፦ መጀመሪያ መገልበጥ፣ ቀጥሎ መመርመር፣ መጠገን በመጨረሻ። የታመመ ዲስክ የቀረው ጉልበት ጥቂት ሊሆን ይችላል። ያንን ጉልበት በጥገና ካባከነው ለመገልበጥ የሚተርፍ የለም።

ለመሆኑ ቅጂ ለምን ይከሽፋል? አብዛኛው ምክንያት ተራ ነው። መድረሻው ዲስክ ሞልቷል። ወይም ገመዱ ላልቷል፤ ወይም ዲስኩ ሌላ ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ የድራይቩ ፊደል ከ«ኢ» ወደ «ኤፍ» ተቀይሯል፤ ፕሮግራሙ አሁንም «ኢ»ን ይፈልጋል። ወይም ላፕቶፑ ቅጂ በሚወስድበት ሰዓት ተኝቷል። የመግቢያ የይለፍ ቃላችሁን ከቀየራችሁ በኋላ በአሮጌው ቃል የተቀጠረ ሥራ ሊከሽፍ ይችላል። አንድ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አለ፦ ኤክስተርናል ዲስኩ በ«ፋት 32» ፎርማት የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። የሠርግ ቪዲዮ ያለው ሰው ዲስኩ ባዶ ሆኖ እያለ «ቦታ የለም» ሲባል ግራ የሚገባው ለዚህ ነው።

እነዚህ ሁሉ መድኃኒት አላቸው። የሚያስፈራው ቅጂው የከሸፈው ዋናው ዲስክ ራሱ አልነበብ ስላለ ሲሆን ነው። ይህን ከስሕተቱ ቁጥር መለየት ይቻላል። ዊንዶውስ ረጅም ቁጥር ይሰጣል፤ መጨረሻውን ተመልከቱ። 80070070 ከሆነ ዲስኩ ሞልቷል ማለት ነው። 80070005 ከሆነ ፈቃድ ተከልክሏል። 80070017 ወይም 8007045ዲ ካያችሁ ግን ሌላ ሥራችሁን አቁሙ፤ የመጀመሪያው የተነበበው መረጃ ትክክል አይደለም፣ ሁለተኛው ከዲስኩ ጋር መነጋገር አልተቻለም ማለት ነው። ሁለተኛው አንዳንዴ ከገመድ ሊመጣ ስለሚችል ገመዱን ለውጣችሁ ሞክሩ፤ ቢሆንም ፋይላችሁን መገልበጥ አታዘግዩ። በ«ኢቨንት ቪውወር» ውስጥ፣ «ሲስተም» በሚለው መዝገብ፣ «ዲስክ» ከተባለ ምንጭ ቁጥር 7 ከተመዘገበ ዲስኩ የተበላሸ ቦታ አግኝቻለሁ እያለ ነው። የኛ ማኅበር ኮምፒዩተር ለወራት ይህንኑ ሲጽፍ ኖሯል፤ አንባቢ አጣ እንጂ።

ዲስክ የሚታመመው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የማውጫው መዛባት ነው፤ መጽሐፉ ደህና ሆኖ የምዕራፎቹ ዝርዝር ሲምታታ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም ዲስክ በሥራ ላይ እያለ ሲነቀል ይመጣል። ይህ ይድናል። ሁለተኛው የገጹ መቀደድ ነው፤ የዲስኩ አካል ራሱ ሲያልቅ። ይህ አይድንም፣ ዲስኩ ይለወጣል።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ፣ በመጀመሪያ መዝገባችሁን፣ ፎቶአችሁንና የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቶቻችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ሙሉውን ኮምፒዩተር ለመገልበጥ አትጀምሩ፤ ሌላ ቦታ የማይገኘው ይቅደም፣ ፊልምና ዘፈን ይቆይ። ከዚያ ዲስኩ ራሱ የሚይዘውን «ስማርት» የተባለውን የሕመም መዝገብ እዩ። «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» የተባለው ነጻ ፕሮግራም ያሳያችኋል፤ ሰማያዊ ከሆነ መልካም፣ ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ ዲስክ ግዙ። በተለይ ቁጥር 5፣ 197 እና 198 የተባሉት መስመሮች ከዜሮ በላይ ሆነው ቁጥራቸው እየጨመረ ከሄደ ጥገና አትሞክሩ።

ስማርቱ ደህና ከሆነ ወደ ዊንዶውስ መፈተሻ እንሂድ። የ«ሲ» ድራይቭን ምልክት በቀኝ ጠቅታ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ቱልስ»፣ «ቼክ»። በትእዛዝ መስኮት መሥራት የሚወድ ሲ-ኤች-ኬ-ዲ-ኤስ-ኬ ብሎ የድራይቩን ፊደል ከሁለት ነጥብ ጋር ይጽፋል። መጨረሻው ላይ «ስላሽ ስካን» ብትጨምሩ ዊንዶውስ እየሠራ ሳለ ይመረምራል፤ «ስላሽ ኤፍ» ማውጫውን ይጠግናል፤ «ስላሽ አር» ደግሞ እያንዳንዱን ሴክተር አንድ በአንድ ያነባል፤ በትልቅ ዲስክ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። ያ ወጣት ያዘዘው ይህን የመጨረሻውን ነው። ጤነኛ ዲስክ ላይ ጉዳት የለውም፤ እየሞተ ያለን ግን በሩጫ መጨረስ ነው። ከጥገና በኋላ ፋይል ከጠፋባችሁ «ፋውንድ ነጥብ 000» የሚባል የተደበቀ ፎልደር ፈልጉ፤ ባለቤት ያጡ ቁርጥራጮች እዚያ ይከማቻሉ። ማክ ያላችሁ በ«ዲስክ ዩቲሊቲ» ውስጥ «ፈርስት ኤይድ» የሚለውን ተጠቀሙ።

ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ተዉት። አጥፉት፣ ንቀሉት፤ የጠፋው ዋጋ ያለው ከሆነ መረጃ ለሚያወጡ ባለሙያዎች ስጡት። ዲስክን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩ የሚል ምክር ከሰማችሁ አትቀበሉ፤ እርጥበቱ ይጨርሰዋል። አዳዲሶቹ «ኤስ ኤስ ዲ» የሚባሉት ደግሞ የሚሽከረከር ነገር ስለሌላቸው ቀጭም አይሉም፤ ዝም ብለው ያልፋሉ።

ይህ የኛ ድህነት ያመጣው እንዳይመስላችሁ። ልጆቻችሁ ያዩት «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለው የፒክሳር ፊልም እ.ኤ.አ. በ1998 በሥራ ላይ እያለ በስሕተት በተሰጠ ትእዛዝ አብዛኛው ተሰርዞ ነበር። ቅጂውን ሲፈልጉ ቅጂው በትክክል ሳይሠራ ቆይቷል። ፊልሙን ያተረፈው አንዲት የድርጅቱ ባልደረባ ልጅ ወልደው ቤታቸው ይሠሩበት የነበረው ኮምፒዩተር ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያሰኛል፤ እነሱ ግን ዕድለኞች ነበሩ።

የኛንስ ማን አተረፈው? ገንዘብ ያዣችን «እኔ በኮምፒዩተር አላምንም» የሚሉ አዛውንት ናቸው፤ በዚህም ስንቀልድባቸው ኖረናል። የደረሰኝ ጉርዶቹን ሁሉ በጫማ ካርቶን ውስጥ አስቀምጠው ተገኙ። አራት ሰዎች ሁለት ሌሊት ተቀምጠን የሰባት ወሩን ጉርድ ስንቆጥር የሟች ስም በስድስቱ ወር ተገኘ፤ የአንዱ ወር ጉርድ ግን የለም። ገንዘቡ ለቤተሰቡ ተከፈለ። ያለ ክርክር ግን አልተከፈለም፤ የሐዘንተኛ ቤት ሄዶ «አባታችሁ የሚያዝያን ከፍለው ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅን ለማንም አንመኝም።

አሁን በየወሩ ስብሰባ ላይ አንድ ልማድ ጀምረናል። ከአባላት አንዱ ደስ ያለውን አንድ ፋይል ይጠራል፤ ጸሐፊያችን ያንን ፋይል ከመጠባበቂያው ዲስክ አውጥተው በሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ ይከፍታሉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዲስኮቹም ሁለት ሆነዋል፤ አንዱ ቅጂ ሲወሰድ ብቻ ይሰካና ሌላ ቤት ያድራል፤ ቫይረስ ቢገባ፣ ሌባም ቢገባ አንድ ላይ እንዳይወሰዱ። በ«ጉግል ድራይቭ» ወይም በ«ዋን ድራይቭ» ላይ አለ ብሎ መተማመንም ብቻውን አይበቃም፤ በኮምፒዩተራችሁ የሰረዛችሁት እዚያም ይሰረዛል፤ ከመጣያው ለማውጣት ያላችሁ ጊዜም የተወሰነ ነው።

ባለፈው ወር አንድ አባል የማኅበሩን የመጀመሪያ ደንብ ጠሩ። ፋይሉ ተከፈተ፤ ግን የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆኖ ወጣ። «ይኸውላችሁ፣ ይኸኛውም ሞተ» አሉ ገንዘብ ያዡ። አልሞተም ነበር። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቦታም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ በቀድሞዎቹ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ያ ፎንት ከሌለ አይነበብም። ፎንቱ የቀረው በሞተው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። አሮጌ የአማርኛ ጽሑፍ ያላችሁ እንግዲህ ፎንቱንም አብራችሁ ገልብጡ፤ ካልሆነም እያንዳንዱን ሰነድ በፒዲኤፍ አስቀምጡ። እኛ ፎንቱን ከአንድ ወዳጃችን አሮጌ ሲዲ ላይ አግኝተን ደንቡን አነበብነው። አንቀጽ 9 «ጸሐፊው የመዝገቡን ግልባጭ በየወሩ ለገንዘብ ያዡ ይሰጣል» ይላል።

በሚቀጥለው እትም ቴሌፎን ውስጥ የቀሩ ፎቶዎችን እንዴት እንደምናወጣ እናያለን። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።