ስለ ድኻው ምድጃ

የዓባይ ምንጭ ያለው በሰከላ፣ ከፍኖተ ሰላም ብዙም ሳይርቅ ነው። ወንዙ ከዚያ ተነሥቶ ዞሮ ዞሮ ጉባ ሲደርስ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም እንዳገኘ ሁላችንም ሰምተናል፤ ደስም ብሎናል። ቦንድ ከገዙት መካከል የምዕራብ ጎጃም ገበሬ አለበት። ነገር ግን በምንጩ አካባቢ ብዙ እናቶች ዛሬም እንጀራ የሚጋግሩት በባሕር ዛፍ ጭራሮና በኩበት መሆኑን ስናይ ደስታችን ጎዶሎ ይሆንብናል።

ኩበት ሲነድ ማሳው ሊያገኘው ይገባ የነበረው ፍግ ዐመድ ይሆናል፤ ገበሬውም በዚያው ዓመት ማዳበሪያ በውድ ይገዛል። ክረምት ሲገባ እንጨቱ ይርሳል፤ ለብርዱ ሲባል በሩ ይዘጋል፤ ጭሱን የሚጠጡት እናትና የታቀፈችው ሕፃን ናቸው።

«ከተሜውስ መብራት አለው» የሚሉን አሉ። እስቲ የቡሬን የኪራይ ግቢ እንመልከት። መንግሥት ለድኻው አስቦ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ደንበኛ ዝቅተኛ ታሪፍ ወስኗል። ሐሳቡ መልካም ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት እስከ አራት ኪሎዋት ይስባል፤ ሦስት ተኩል ብንል፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት ተኩል የምትጋግር ሴት በአራት ሳምንት 42 ኪሎዋት ሰዓት ትፈጃለች። ለአምፖል 8 ይተርፋታል። እንግዲህ ለአንድ ቤት ይበቃል ማለት ነው።

ዳሩ ግን ድኻ ብዙውን ጊዜ የራሱ ቆጣሪ የለውም! ሦስት አራት ተከራይ በአከራዩ ቆጣሪ ይጠቀማል፤ ሦስቱ ቢጋግሩ ምጣዱ ብቻ 126 ይሆንና ሒሳቡ ወደ ውዱ እርከን ይወጣል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየጊዜው ስለሚጨምር ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሰፊ ቤት ለብቻው ይዞ እንጀራ ከገበያ የሚገዛው ሰው ግን በርካሹ ይገለገላል። አከራዩም «ምጣድ ክልክል ነው» ብሎ ይገላገላል፤ ተከራይዋ ወደ ከሰል ትመለሳለች።

እኛ ነፃ መብራት ይሰጥ አላልንም። የምንጠይቀው ድጎማው በቆጣሪ ሳይሆን በቤተ ሰብ ቁጥር እንዲታሰብ ነው። የምጣዱም ዋጋ በአንድ ጊዜ ስለሚከብድ ከወርኀዊው ሒሳብ ጋር ጥቂት በጥቂት ቢከፈል ችግሩ ምንድን ነው? ሽቦ ባልደረሰበት ገጠር ደግሞ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ በየቀበሌው ሊመረት ይችላል።

ስንት ቤተ ሰብ በአንድ ቆጣሪ እንደሚኖር ሳይታወቅ ክርክሩ አይቋጭም። ስለዚህ በቡሬ ግቢ ለግቢ እየዞሩ የሚቆጥሩ ፈቃደኞች ከማኅበራችን እንዲመዘገቡ፣ መምህራኖቻችንም የመጠይቁን ቅጽ እንዲያዘጋጁልን እንለምናለን፤ በመጪው የዕረፍት ጊዜ ለመጀመር አስበናል።