ድንጋይ ከመነገድዎ በፊት መሞረድ ይማሩ



ከአገር ቤት የሚመለስ ወገን ሻንጣ ሲከፈት በርበሬ፣ ሽሮና ቡና መውጣቱ የተለመደ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በካልሲ የተጠቀለለ ድንጋይ አብሮ መውጣት ጀምሯል። የወሎ ኦፓል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ ስሙ በዓለም የፈርጥ ገበያ ገንኗል፤ እኛም ኮርተንበታል። ኩራቱ ባልከፋ፤ ችግሩ ተከትሎት የሚመጣው ወሬ ነው። «እዚያ በግራም ገዝተህ እዚህ በካራት ብትሸጠው እጥፍ ድርብ ያተርፋል» የሚለውን ያልሰማ የታክሲ ሹፌር፣ የፓርኪንግ ሠራተኛ ወይም ነርስ ያለ አይመስለኝም። ወሬውን ሰምቶ የዕቁቡን ገንዘብ ያወጣም አለ።

ሙያህ ሒሳብ፣ ስለ ድንጋይ ምን አገባህ ይሉኝ ይሆናል። የሚያገባኝ ወሬው በኤፕሪል ወር የግብር ፎርም ሆኖ ጠረጴዛዬ ላይ ስለሚደርስ ነው። በበኩሌ የምመክረው ድንጋይ በእጅዎ ሳይሞርዱ በድንጋይ አይነግዱ ነው። ቢያንስ አንድ ዓመት የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ያድርጉት። ለዚህ ሦስት ምክንያት አለኝ፤ አንዱ ከድንጋዩ፣ አንዱ ከግብር ሕጉ፣ አንዱ ከመኖሪያ ወረቀትዎ ይመጣል።

ከድንጋዩ እንጀምር። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ መስታወት ጠርቶ የቀለም ጨዋታው ሊደበዝዝ ይችላል፤ ደርቆ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ቀናት ሊወስድበት ይችላል። ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ዘይትም፣ ሽቶም፣ ቀለምም ይጠጣል። በገበያ ላይ «ጥቁር ኦፓል» ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ በቀለም የተነከረ ወይም በጭስ የጠቆረ አለበት። ከሸዋ፣ ከመዘዞ በ1990ዎቹ የወጣው ቡናማ ኦፓል ደግሞ በመሰንጠቅ ስሙ ጠፍቷል። ይህን ሁሉ ከሻጭ አፍ የሚሰማና በገዛ እጁ ሞርዶ ያየ ሰው እኩል አይገዙም።

ሒሳቡንም እንመልከት። 1 ግራም 5 ካራት ነው። ለምሳሌ ያህል 20 ግራም ጥሬ ድንጋይ በግራም 10 ዶላር ገዙ እንበል፤ 200 ዶላር አወጡ፣ በእጅዎ 100 ካራት አለ። ጥሬ ድንጋይ ተቀርጾ ሲያልቅ ሩቡ ብቻ ቢተርፍ የሚያስደንቅ አይደለምና 25 ካራት ቀረልዎ። ገና ከመነሻው የአንዱ ካራት ዋጋ 8 ዶላር ገባ። ከዚያ ውስጥ ሲሦው በሥራ ላይ ቢሰነጠቅ 12 ዶላር ይሆናል። የእጅ ዋጋ፣ የመሣሪያ፣ የመንገድ ወጪ ገና አልተቆጠረም። ወሬው ግን 200 ዶላሩን ለ100 ካራት አካፍሎ 2 ዶላር ነው የሚልዎት።

ታዲያ የት ይጀመራል? ከሁሉ የሚቀለውና የሚረክሰው የድንጋይ ማንከባለያ፣ ባለሙያዎቹ ታምብለር የሚሉት ነው። ትንሽ የጎማ በርሜል ናት፤ በሞተር ቀን ከሌት ትሽከረከራለች። ከበርሜሉ ሁለት ሦስተኛ እስከ ሦስት አራተኛ ያህል ድንጋይ ይሞላል፣ ሲሊከን ካርባይድ የሚባል ሻካራ ዱቄትና ውሃ ይጨመርበታል። መጀመሪያ ደረቁ ዱቄት (60/90 የሚባለው)፣ ቀጥሎ መካከለኛው (120/220)፣ ከዚያ ደቃቁ (500)፣ በመጨረሻ የማወልወያው ዱቄት ይገባል። እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ ነገሩ የአንድ ወር ትዕግሥት ይጠይቃል። በየደረጃው ድንጋዩም በርሜሉም በደንብ ካልታጠበ አንዲት የደረቁ ዱቄት ቅንጣት ብቻዋን የመጨረሻውን ውልወላ በጭረት ታበላሸዋለች። በአንድ በርሜል የሚገቡት ድንጋዮች ጥንካሬያቸው ተቀራራቢ መሆን አለበት። ለጀማሪ አጌትና ጃስፐር ጥሩ ናቸው፤ በሞስ መለኪያ 7 አካባቢ ናቸው። ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5 ነውና ከእነሱ ጋር ቢገባ እሱ ተበልቶ ያልቃል፤ የወሎው ደግሞ ለወር ውሃ ውስጥ መክረም የሚገባው ድንጋይ አይደለም።

በአፓርታማ ለምትኖሩ ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ያንኮሻኩሻል፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ለአከራዩ ስልክ ከመደወሉ በፊት ቦታውን ያስቡበት። የበርሜሉን ጭቃ ደግሞ በምንም ዓይነት በመታጠቢያ ገንዳ አይድፉ፤ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ይረጋል። የቧንቧ ሠሪው ሒሳብ ከታምብለሩ ዋጋ ሲበልጥ ይታይዎት፤ ያስያዙትን ዲፖዚትም አከራዩ አይረሳውም። በባልዲ አጥልለው ከቆሻሻ ጋር ይጣሉት።

ከማንከባለል ቀጥሎ ድንጋይን እንደ ጉልላት አክብቦ መሞረድ አለ፤ ኦፓል በአብዛኛው የሚቀረጸው እንዲህ ነው። መሰንጠቂያውና መሞረጃው ሁልጊዜ በውሃ እየራሰ መሥራት አለበት። የድንጋይ ደረቅ ትቢያ ሲሊካ ስላለበት ሳንባ ውስጥ ገብቶ የማይድን በሽታ ያመጣል። ለኦፓል ስል ጤናዎን እንዳያጡ።

ከፍተኛው ደረጃ ፋሴቲንግ የሚባለው፣ ለፈርጡ ፊት የማውጣት ሥራ ነው። ድንጋዩ ዶፕ በምትባል ዘንግ ጫፍ ላይ በሰም ወይም በማጣበቂያ ይጣበቃል፤ ማሽኑ ዘንጉን በተፈለገው ማዕዘን ይዞ አልማዝ በተለበጠ ተሽከርካሪ ሳህን ላይ ያሳርፈዋል። ዙሪያውን የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ 96 ጥርስ ያለው ማርሽ ነው። እዚህ ላይ የአንድ ዲግሪ ልዩነት ዋጋ አለው። ኳርትዝን ብንወስድ የታችኛው ክፍል ፊቶች ከ40.4 ዲግሪ በላይ ካልዘነበሉ ከላይ የገባው ብርሃን ተመልሶ ወደ ዓይን አይመጣም፤ በስተጀርባ ያመልጣል። ባለሙያዎች መሃሉ ባዶ የሆነ ድንጋይ «መስኮት አለው» ይላሉ። ከዚህ በኋላ ጌጣጌጥ ቤት ገብተው አሜቲስት ሲመለከቱ ጣትዎ በድንጋዩ ውስጥ ከታየዎት፣ ቆራጩ ክብደት ለማትረፍ ብሎ ብርሃኑን እንደሸጠው ያውቃሉ። ይህን ማወቅ ብቻውን አንድ ዓመት ያወጣል ባይ ነኝ።

የፋሴቲንግ ማሽን አዲሱ በሺዎች ዶላር ነው፤ አይግዙ። በየከተማው የማዕድንና የድንጋይ ቀረጻ ክለቦች አሉ፤ የአሜሪካ የማዕድን ማኅበራት ፌዴሬሽን ከ1947 ጀምሮ ያለ ነው። በትንሽ የአባልነት መዋጮ በክለቡ ማሽን መማር የሚቻልባቸው ብዙ ናቸው። ጆርጂያ ለምትኖሩ በያንግ ሃሪስ ከተማ የዊልያም ሆላንድ የድንጋይ ቀረጻ ትምህርት ቤት የሳምንት ኮርስ ይሰጣል። በክለቦቹ የምታገኟቸው አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ አሜሪካውያን ናቸው፤ የሚያውቁትን ለማካፈል አይሰስቱም። ሃያ ዓመት ኖረን ከባለአገሩ ጋር ከሥራና ከገበያ ውጭ የምንገናኝበት ቦታ ማነሱን ሳስብ፣ ይህ ራሱ ትርፍ ሆኖ ይታየኛል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት፣ አይ.አር.ኤስ፣ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያንና ንግድን ለይቶ ያያል። በማሳለፊያነት ሠርተው አንዳንድ ድንጋይ ቢሸጡ ገቢውን ማስታወቅ ግዴታ ነው። ከሽያጩ ላይ የተሸጠውን ድንጋይ መግዣ ዋጋ ማንሳት ይችላሉ፤ የማሽን፣ የዱቄት፣ የመንገድ ወጪዎን ግን ማቀናነስ አይችሉም። ይህ ክልከላ በ2018 ጀመረ፤ በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ቋሚ አደረገው። ንግድ ከሆነ ሸጁል ሲ ይሞላሉ፣ ወጪዎን ይቀንሳሉ፤ የተጣራው ትርፍ 400 ዶላር ከደረሰ ግን የራስ ሥራ ግብር ይከተላል፤ እሱም 15.3 በመቶ ነው።

እዚህ ላይ ነው ፈተናው። «ንግድ ነው ብለህ ኪሳራ ጻፍ፣ ከደመወዝህ ላይ ታክስ ይመለስልሃል» የሚል መካሪ በየካፌው አይጠፋም። አይ.አር.ኤስ በበኩሉ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉት። የተለየ የባንክ ሒሳብ አለ ወይ? መዝገብ ይያዛል ወይ? ሰውየው ሙያውን ያውቃል ወይ? ሲከስር የአሠራር ለውጥ አድርጓል ወይ? ከተከታታይ 5 ዓመት በ3ቱ ያተረፈ ሥራ ለትርፍ የተቋቋመ ነው ተብሎ ይገመታል። ድንጋይ መሞረድ የማያውቅ፣ ደረሰኝ የሌለው፣ በየዓመቱ ኪሳራ የሚጽፍ የድንጋይ ነጋዴ ለእነዚህ ምን መልስ ይኖረዋል? አንድ ዓመት የተማረና ከመጀመሪያው ቀን ደብተር የያዘ ሰው ግን ንግዱን በሚከፍትበት ጊዜ ግማሹ ማስረጃ በእጁ ነው። በደብተሩ የሚያስፈልገው ቀላል ነው፤ ቀን፣ ከማን እንደገዙ፣ በስንት ግራም፣ በስንት ብር፣ ተቀርጾ ስንት ካራት እንደወጣው፣ ስንቱ እንደተሰበረ።

በኢንተርኔት ገበያ የሚሸጡ ሰዎች «1099-ኬ አልመጣልኝም» ይሉኛል። ድርጅቶቹ ፎርሙን የመላክ የፌዴራል ግዴታ ያለባቸው ሽያጩ ከ20,000 ዶላርና ከ200 ግብይት ሲያልፍ ነው፤ ገቢው ግን ፎርም መጣ አልመጣ ገቢ ነው። የሽያጭ ታክስም አይዘንጋ። በየዓመቱ በጁላይ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር በሚደረግበት ከተማ ጠረጴዛ ዘርግቶ መሸጥ ያሰበ ሰው የዚያን ስቴት የሽያጭ ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ የሜሪላንዱ ፈቃድ ቴክሳስ ላይ አይሠራም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ያላለቀለት ወገን ነው። በተማሪ ቪዛ ያለ፣ በኤች-1ቢ ለአንድ ቀጣሪ ብቻ እንዲሠራ የተፈቀደለት፣ በጎብኚነት የገባ ሰው ድንጋይ ቢማር፣ ቢሞርድ፣ ለእናቱ ቀለበት ቢያሠራ ማንም አይጠይቀውም። ዘወትር መሸጥ ከጀመረ ግን ያለፈቃድ እንደሠራ ሊቆጠርበት ይችላል፤ ያ ደግሞ ግሪን ካርድ በሚያመለክትበት ቀን ሊወጣ ይችላል። የመቶ ዶላር ድንጋይ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው። የጥገኝነት ጉዳዩ በሂደት ላይ ሆኖ የሥራ ፈቃድ በእጁ የያዘ ሰው በራሱ ሥራ መሥራት ይችላል፤ ፈቃዱ ሳይደርሰው ግን አይጀምር። ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን የዜግነት ማመልከቻው ስለ ግብር እንደሚጠይቀው ያስታውስ። በራስዎ ጉዳይ ላይ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ፤ የእኔ ፈቃድ ለሒሳብ ብቻ ነው።

ስለ ካልሲውም አንድ ነገር ልበል። ከኢትዮጵያ ለንግድ የሚሆን ማዕድን ያለፈቃድ ማውጣት ወንጀል ነው። እዚህ ሲደርሱም ለሽያጭ የመጣ ዕቃ እንደ ግል ዕቃ አይታይም፤ ለተመላሽ ነዋሪ የሚፈቀደው የ800 ዶላር ነፃ መብት ለሸቀጥ አይሠራም። ከ800 ዶላር በታች የሆነ የፖስታ ጥቅል ያለቀረጥ ይገባ የነበረበት አሠራርም በኦገስት 2025 ታግዷል። ቀረጡ በቅርቡ ደጋግሞ ስለተለዋወጠ ከመጓዝዎ በፊት ጉምሩክን ይጠይቁ። ደረሰኝ አሳንሶ ማስጻፍ ደግሞ ከሕገወጥነቱ በላይ ሞኝነት ነው። 2,000 ዶላር ከፍለው 300 ያስጻፉበትን ድንጋይ በ2,500 ቢሸጡ፣ ያተረፉት 500 ሆኖ ሳለ በወረቀት ላይ 2,200 አተረፉ፤ ግብሩም በዚያ ይሰላል።

«አንድ ዓመት ስማር ሌላው ገበያውን ይወስደዋል» የሚል አይጠፋም። ገበያው እኮ ቀድሞም ተወስዷል። የወሎ ጥሬ ኦፓል በብዛት የሚቀረጸው በህንድ፣ በጃይፑር ነው፤ የእጅ ዋጋው የሚቀረው እዚያ ነው። ከኛ ሰው ጋር የሚወዳደረው ሌላ ሻንጣ ተሸካሚ ሳይሆን ትውልድ ከትውልድ ሲቀርጽ የኖረ ባለሙያ ነው። ከዚህ ወገን ጋር በዋጋ ተወዳድሮ ጥሬ ድንጋይ በመሸጥ የሚኖር ሰው እስካሁን በደንበኞቼ መካከል አላየሁም። ጥሩ አድርጎ የሚቀርጽ፣ ድንጋዩ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ በእውነት የሚናገር፣ ሲሰነጠቅ የሚተካ አንድ ሐበሻ ግን የራሱን ደንበኛ ሊያፈራ ይችላል።

ባለፈው ዓመት ድንጋይ የሸጣችሁ ካላችሁ የግብር ማስታወቂያው ቀን ኤፕሪል 15 ነው። ደረሰኞቻችሁን በየወሩ ለይታችሁ፣ የብር ክፍያውን በየዕለቱ ምንዛሪ ወደ ዶላር ለውጣችሁ አምጡ። የተሰበረውንም ድንጋይ አትጣሉት፤ በፕላስቲክ አድርጋችሁ ቀኑን ጻፉበት።