ስልኩ የእኛ፣ ቁልፉ የሌላ! እስከ መቼ?



ቤት የገዛ ሰው ቁልፉን ይረከባል። ቁልፉ ሻጩ ዘንድ ከቀረ ግን ገዛሁ አይበል፤ ተከራይ ነው። በላባችን የገዛናቸው አብዛኞቹ ስልኮች እንዲህ ያሉ ቤቶች ናቸው። አብሮ የመጣውን መተግበሪያ ልንሰርዝ ስንሞክር እምቢ ይለናል። ያልጠራነው ማስታወቂያ ይመጣብናል። ስልኩ ምንም ሳይሆን አምራቹ የደህንነት ማሻሻያ መላኩን ያቆምና «አሮጌ» ያደርገዋል። ዋናውን ሶፍትዌር ለውጠን የተሻለ እንጫንበት ብንል ደግሞ በሩ ተቆልፎ እናገኘዋለን።

ይህ የወጣቶች ጨዋታ አይደለም፤ የሐቅ ጉዳይ ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ከመድረሳ ሊወስዱ ሲመጡ «ትናንት የሞላሁት ካርድ ሳልደውልበት አለቀ» ሲሉ ደጋግመን ሰምተናል። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ስልኩን የነካካው ልጅ ነው። አንዳንዴ እውነትም ልጁ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ስልክ ራሱ ባለቤቱን የሚሰርቅበት ጊዜ እንዳለ በይፋ የታወቀ ማስረጃ አለ።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 አፕስትሪም የተባለ የሞባይል ደህንነት ድርጅት ቴክኖ ደብልዩ 2 በተባለ ርካሽ ስልክ ላይ ያገኘውን ይፋ አደረገ። ትሪያዳ የተባለ ጎጂ ሶፍትዌር ስልኮቹ ከካርቶናቸው ሳይወጡ ተጭኖባቸው ነበር። እሱም ኤክስሄልፐር የተባለ ሌላ ጎጂ ሶፍትዌር እየጠራ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ ክፍያ ለሚጠይቁ አገልግሎቶች ሊያስመዘግበው ይሞክር ነበር። ድርጅቱ ከ200,000 በሚበልጡ ስልኮች ላይ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ሙከራዎች መመዝገቡን ገልጿል። ጉዳዩ ከታየባቸው አገሮች አንዷ የእኛዋ ኢትዮጵያ ነበረች። አምራቹ በበኩሉ ችግሩ የቆየና ማስተካከያ የወጣለት መሆኑን ተናግሯል። እኛ ልብ ልንለው የሚገባው ግን ይህን ነው፦ ኤክስሄልፐር ስልኩ ሁሉ ነገሩ ጠፍቶ እንደ አዲስ ሲጀመር እንኳ ተመልሶ ይመጣ ነበር። ተከራይ ግድግዳውን ቢያጥብ መሠረቱ ውስጥ ያለውን ሌባ አያስወጣም።

መሠረቱን የሚቀይሩ አማራጮች አሉ። የአንድሮይድ ዋና ኮድ ማንም ሊያየውና ሊሠራበት የተፈቀደ ነው። ከዚሁ ኮድ ተነስተው በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት ሊኔጅ ኦኤስ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ አምራቾች የተዉአቸውን ብዙ ስልኮች በአዲስ ሶፍትዌር እያሠራ ይገኛል። ግራፊን ኦኤስ የተባለው ደግሞ በደህንነቱ የታወቀ ሲሆን የሚሠራው በጉግል ፒክስል ስልኮች ላይ ነው። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

ችግሩ በሩ ላይ ነው። ስልክ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳ ቡትሎደር የሚባል በረኛ አለ። እሱ ካልተከፈተ ሌላ ሶፍትዌር አይገባም። አይፎን ይህን በር ለባለቤቱ ጨርሶ አይከፍትም። ሁዋዌ መክፈቻ ኮድ መስጠቱን በ2018 አቁሟል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ከሚልኩልን ስልኮች መካከልም በዚያው ቴሌ ትእዛዝ ይህ በር እንዳይከፈት ሆነው የተሸጡ አሉ። ሲም እንዲቀበል ማስከፈትና ቡትሎደር መክፈት የተለያዩ መሆናቸውንም እንወቅ፤ የመጀመሪያው ተከፍቶ ሁለተኛው ተቆልፎ ሊቀር ይችላል። በአሜሪካ ባለቤቱ የስልኩን የሶፍትዌር ገደብ ቢሰብር በሕግ እንዳይጠየቅ በ2010 ተፈቅዷል። ሆኖም አምራቹ ቁልፉን እንዲያስረክብ አልተገደደም። ፈቃድ ያለ ቁልፍ ደግሞ በር አይከፍትም።

ይሁንና ቁልፍ መያዝ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ማዘርቦርድ የተባለ የአሜሪካ የዜና ማሰራጫ፣ የሶላት ሰዓትና ቂብላ የሚያሳየው ሙስሊም ፕሮ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ኤክስ-ሞድ ለተባለ የመረጃ ነጋዴ ያስተላልፍ እንደነበር አጋለጠ። ከነጋዴው ደንበኞች መካከል የአሜሪካ መከላከያ ተቋራጮች ነበሩ። የመተግበሪያው ባለቤቶች ለጦር ሠራዊት ሸጠናል የሚለውን አስተባብለው ከነጋዴው ጋር ያላቸውን ግንኙነት አቋርጠዋል። ይህን መረጃ ያስገባው የስልኩ ሶፍትዌር ሳይሆን «ፍቀድ» ብሎ የተጫነው ጣታችን ነበር። ሱረቱል ሑጁራት ሰውን መሰለል የከለከለው የሰው ገመና አማና ስለሆነ ነው፤ የገዛ ገመናችንንም ያለ ጥያቄ አንስጥ።

በመሆኑም የሚከተለውን አደራ እንላለን።

ለምትገዙ፦ ከዋጋው ጋር ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ማሻሻያው እስከ መቼ ይመጣል? ቡትሎደሩ ይከፈታል? ሻጩ ካላወቀ ሙያውን የሚያውቅ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ።

ለመቀየር ለምትነሱ፦ ቡትሎደር ሲከፈት በስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ፎቶና ስልክ ቁጥር አስቀድማችሁ ገልብጡ። የሞዴሉ ስም በአንድ ፊደል ከተለየ ስልኩ ዳግም ላይነሳ ይችላል። ብዙ የባንክ መተግበሪያዎች በተቀየረ ስልክ ላይ አንሠራም ይላሉ። በሩ ተከፍቶ የቀረ ስልክ ሌባ እጅ ቢገባ ለጥቃት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ የቤተሰቡ ገንዘብ ያለበትን ብቸኛ ስልክ አትሞክሩበት፤ በመሳቢያ በተቀመጠው አሮጌ ጀምሩ። ሶፍትዌሩን ከአዘጋጆቹ ዘንድ ብቻ አውርዱ፤ ማን እንደሠራው ካልታወቀ ቦታ የመጣ ፋይል አንዱን ሌባ አስወጥቶ ሌላ ማስገባት ነው።

ሙያው ላላችሁ ወጣቶች፦ ዕውቀታችሁ ዘካ አለው። ከዐስር በኋላ አንድ ሰዓት ወስዳችሁ የእናቶችን ስልክ እዩላቸው። የማያስፈልገውን ፈቃድ አንሱ፤ የሚቀየረውን አስረድታችሁና አስፈቅዳችሁ ቀይሩ።

ለአምራቾችና ለአስመጪዎች፦ የምንጠይቀው ስጦታ አይደለም። ማሻሻያ መላክ ስታቆሙ ቢያንስ ቁልፉን ለባለቤቱ ስጡት። ዋጋውን ከፍለናል!

የከፈልንበት ሐቃችን ነው! ቁልፋችን ይሰጠን!

አላሁ አክበር!