የሊቅ ክብሩ የገዛ ቃሉን መፈተኑ ነው

ስለ ሥነ ፍጥረት ምርምር በጋዜጣና በራዲዮ የሚነገረው ዜና «እንዲህ ያለ ነገር ተገኘ» ከሚለው የምሥራች ብዙ ስለማያልፍ፣ ሕዝቡ የሊቃውንትን ታላቅነት በግኝታቸው ብዛትና በዝናቸው ስፋት ብቻ መመዘንን ልማድ አድርጎታል። እኔ ግን የተመራማሪ እውነተኛ ክብር የሚታወቀው ያገኘውን መልሶ ለፈተና በማቅረቡ ነው እላለሁ፤ ለዚህም በምስክርነት የማቀርባቸው የሥራ ዘመናቸውን በእንሽላሊት ጥናት ያሳለፉትን አሜሪካዊውን የዝግመተ ለውጥና የሥነ ምኅዳር ሊቅ ፕሮፌሰር ጆናታን ሎሶስን ነው።

ሎሶስ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ የካሪብያን ደሴቶችን እንሽላሊቶች ጠንቅቀው ከሚያውቁት ከመምህር ኧርነስት ዊልያምስ እግር ሥር ተቀምጠው ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በበርክሌይ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። አኖሊስ የሚባለው የእንሽላሊት ወገን ወደ 400 የሚጠጉ ዝርያዎች ሲኖሩት፣ በኩባ፣ በሂስፓኞላ፣ በጃማይካና በፖርቶ ሪኮ የሚገኙት እንደ መኖሪያቸው የተለያየ መልክ አላቸው፤ ከምድር ተጠግቶ በዛፍ ግንድ ላይ የሚሮጠው እግረ ረጅም፣ በቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ቀስ ብሎ የሚሳበው እግረ አጭር ነው። ይህ መልክ ከአንድ አባት ተወርሶ ወደየደሴቱ የተዳረሰ ነውን፣ ወይስ በየደሴቱ ለብቻው ተገኘ? ሎሶስና ባልደረቦቻቸው በ1998 የዲኤንኤን ምስክርነት መርምረው፣ መልኩ ባብዛኛው በየደሴቱ ለየብቻው እንደ ተገኘ አስታወቁ።

ስቲቨን ጄይ ጉልድ የሕይወት ታሪክ ከመነሻው እንደገና ቢጀመር ፍጻሜው ሌላ ይሆን ነበር ብለው በ1989 በመጽሐፍ ካስተማሩ ወዲህ ክርክሩ ጋለ ብሎ ስለ ነበር፣ ተፈጥሮ በአራት ደሴቶች ተመሳሳይ መልስ መስጠቷን ማሳየት ብቻውን ለስም የሚበቃ ሥራ ነበር። ነገር ግን መመሳሰሉ የሆነውን ይነግራል እንጂ የሆነበትን ምክንያት አያስረዳም፤ ምክንያቱን ለማወቅ ፈተና ያስፈልጋል።

ለፈተናው መንገድ የከፈቱት ሊቁ ቶማስ ሾነር ናቸው፤ በ1977 እና በ1981 በባሃማስ እንሽላሊት በሌለባቸው ትናንሽ ደሴቶች ላይ ጥቂት ጥቂት እንሽላሊቶችን ለቀው ሄዱ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ሎሶስ ዘሮቻቸውን ቢለኩ፣ የእንሽላሊቶቹ አካል እንደየደሴቱ ዕፅዋት የተለያየ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በ1997 ኔቸር በተባለው መጽሔት ታተመ። ዳርዊን ከሰው ዕድሜ የዘገየ ነው ያሉት ለውጥ በዓይን ታየ ተብሎ ሊወራ በሚችልበት በዚያ ሰዓት፣ እኚህ ሊቅ ግን ልዩነቱ በዘር የሚወረስ ሳይሆን በዕድገት የመጣ እንዳይሆን ተጠራጠሩ። ስለዚህም ግልገሎቹን ከፊሎቹን በሰፊ፣ ከፊሎቹን በቀጭን እንጨት ላይ አሳድገው፣ እግራቸው ባደጉበት እንጨት መጠን ጥቂት እንደሚለያይ በ2000 ራሳቸው አሳተሙ።

ከዚያም አልፈው ገና ያልሆነውን አስቀድመው ተናገሩ። በአባኮ አጠገብ በሚገኙ ስድስት ትናንሽ ደሴቶች ላይ ጅራቱን የሚጠቀልል ትልቅ አዳኝ እንሽላሊት ሲለቀቅ፣ ሌሎች ስድስት ለማነጻጸሪያ እንዳሉ ተተዉ። የሎሶስና የባልደረቦቻቸው ግምት፣ በደሴቶቹ ከሚኖሩት አኖሊሶች በመጀመሪያ ፈጥነው የሚሮጡት እግረ ረጅሞች ይተርፋሉ፣ የቀሩት ሸሽተው ወደ ቅርንጫፍ ሲወጡ ግን ዕድሉ ወደ እግረ አጭሮቹ ይዞራል የሚል ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥም ነገሩ እንደ ቃላቸው ሆነ።

እንዲህ ያለው ጥርጣሬ የሕዝቡን እምነት በምርምር ላይ ያላላል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ያልተፈተነ ቃል አንድ ቀን ሲወድቅ የተፈተነውንም አብሮ ይጥላል ብዬ እፈራለሁ። ቅኔ የቆጠረ ተማሪ በመምህሩ ፊት ነግሮ ሳይታረምለት ቅኔው እንደማይጸናለት ሁሉ፣ የተመራማሪም ሐሳብ በተፈጥሮ ፊት ቀርቦ ሳይታረም ዕውቀት ሊባል አይገባውም። ሎሶስ በ2017 ባሳተሙት መጽሐፍ ተፈጥሮ አንዳንዴ ራሷን እንደምትደግም፣ አንዳንዴም ፈጽሞ እንደማትደግም የጻፉት፣ ይህን እርማት በትሕትና የተቀበሉ ሰው ስለ ሆኑ ነው።

እንግዲህ ለምርምር ገንዘብ የሚመድቡ ሹማምንት በየዓመቱ አዲስ ግኝት ከመጠየቅ ይልቅ የአምናው ግኝት የሚፈተንበትን ጊዜና ወጪ ይፍቀዱ፤ ጋዜጠኞችም «ምን ተገኘ?» ብለው ሲጠይቁ «በምን ተፈተነ?» የሚለውን አይዝለሉ፤ አንባቢም ስሕተቱን ራሱ ለመፈለግ የሚወጣውን ሊቅ ከሁሉ አብልጦ ይመነው።