የሚነዝርዎ የትኛው ጣት ነው?

እንግሊዝኛ «ፕሪክል» የሚል ቃል አለው። በጽጌረዳ ግንድ ላይ የምናያት ትንሽ ሹል ነገርም፣ እጅ ወይም እግር ሲደነዝዝ መርፌ መርፌ የሚለው ስሜትም በዚሁ ቃል ይጠራሉ። እኛ ግን የሚወጋውን እሾህ እንለዋለን፤ ስሜቱን ደግሞ እንደየዓይነቱ ነዘረኝ፣ ጠቀጠቀኝ፣ ጉንዳን ሄደብኝ፣ ሳማ እንደነካው ለበለበኝ እንላለን። ታዲያ ይህን ያህል ቃል እያለን፣ ጤና ጣቢያ ስንደርስ «እጄን ያመኛል» ብለን ዝም የምንለው ለምንድን ነው?

ውድ አንባቢያችን፣ እጅዎ ሌሊት እየነዘረ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎ፣ ሲያራግፉት ደግሞ ቀለል የሚልዎ ከሆነ «ብርድ ነው» ብለው በቅባት ብቻ አይለፉት። ወደ መዳፍ ከሚሄዱት ነርቮች አንዱ በእጅ አንጓ ላይ ባለች ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያልፋል። በዚያ ያለው ሥጋ ሲያብጥ ነርቩ ይጨመቃል። ይህ ነርቭ ስሜት የሚሰጠው ለአውራ ጣት፣ ለሌባ ጣት፣ ለመካከለኛው ጣትና ለቀለበት ጣት ግማሽ ነው። ትንሿ ጣት የሌላ ነርቭ ድርሻ ናት። ስለዚህ «ትንሿ ጣቴ ደህና ናት» የምትለው አጭር ቃል ለሐኪሙ ብዙ ትነግረዋለች።

ችግሩ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። በእርግዝና ጊዜ ሰውነት ውኃ ስለሚይዝ ይብሳል፤ ከወሊድ በኋላ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲጨምቅ ወይም በማሽን ሲሠራ የዋለ እጅም ይጠቃል። መጀመሪያ ላይ፣ አንጓው ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ እንዲያድር የሚደግፍ ማሰሪያ ብዙዎችን ይረዳል። ስኒ ከእጅዎ መውደቅ ከጀመረ፣ ወይም በአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከሰለለ ግን ሕክምናውን አያዘግዩ።

መነዘሩ ከሁለቱም እግር ጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። የስኳር በሽታ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነርቭ ይጎዳልና ደምዎን ያስመርምሩ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ኢሶናያዚድም እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል። በተለይ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ቫይታሚን ቢ6 አብሮ እንዲሰጣት ትጠይቅ፤ መድኃኒቱን ግን በራሷ አታቋርጥ።

ግማሽ አካል በድንገት ደንዝዞ፣ ፊት ተጣሞ ወይም ንግግር ተኮላትፎ ሲገኝ፣ ስለ ጣት መጠያየቁ ይቅርና ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው።