ባለ ሁለት መኝታው ቤት በማን ስም ነው?

ዓርብ ዓርብ ዕረፍት የምታገኙ ብዙዎቻችሁ በኮበር ቱቅባ ሰፈር ወይም በደማም መሐል ከተማ ባለ ሁለት መኝታ ቤት በጋራ ለመከራየት ታስባላችሁ። «የሰው ቤት የምታድር ሠራተኛ ቤት ምን ያደርግላታል?» የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። እ.ኤ.አ. በ2024 ጥቅምት ወር ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ሰጥቷል። ታዲያ ያን ቀን የት ሊያሳልፉት ነው? ሻንጣ የሚያስቀምጡበት፣ ቡና አፍልተው በቋንቋቸው የሚጫወቱበት፣ ጸሎት የሚያደርሱበት ጓዳ መመኘት ቅንጦት አይደለም።

የሚያሳስበን የውሉ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የቤት ኪራይ ውል «ኢጃር» በሚባለው የመንግሥት መረብ በተከራዩ ኢቃማ ቁጥር ይመዘገባል። ስምንት ሆናችሁ ብታዋጡም በሕግ ፊት ተከራዩ ስሙ የሰፈረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ያለ አከራዩ ፈቃድ ለሌላ ማከራየት አይችልም። ሰውየው ከአከራዩ ጋር ሲጣላ ወይም አገር ሲገባ፣ የስድስት ወር መዋጮአችሁን የምትጠይቁበት ወረቀት በእጃችሁ የለም። ለመክሰስም ትፈራላችሁ፤ ከአሠሪ ቤት ውጭ ማደራችሁ ራሱ ጥያቄ ያስነሣልና። አሠሪ «ሁሩብ» ብሎ ካስመዘገበ ደግሞ ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል።

ደላሎች ይህን ፍርሃት ያውቁታል። «የአገር ልጆች አይደለንም እንዴ፣ ውል ምን ያደርጋል?» ይላሉ። የአገር ልጅ ከሆነማ ደረሰኝ ለመጻፍ ለምን ይከብደዋል? ውሉን በስልኩ ላይ ያሳያችሁ፤ አከራዩ ስለ እናንተ ማወቁን ጠይቁ። ከአንድ ወር በላይ አስቀድማችሁ አትክፈሉ፤ ቀኑና የገንዘቡ ልክ በጽሑፍ ይስፈር። የምታድሩ ከሆነም አሠሪያችሁ ይወቅ፣ ይፍቀድም። ደላላው ሰበብ ካበዛ ሌላ ቤት ፈልጉ፤ በቱቅባ የሚከራይ ቤት አይጠፋም።